የወሎ ሰፈሩ ሳቂ፦ ስለ ጋጋኖ የቀረበ አጭር ጥናት

አውስትራሊያ ውስጥ ኩካቡራ የሚባል ወፍ አለ፤ ጎህ ሲቀድ እንደ ሰው ስለሚስቅ ስሙ ዓለምን አዳርሷል። የእኛው ጋጋኖ ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ በቆርቆሯችን ላይ እያለፈ ያስካካል፤ ስሙን ያስጠራለት ግን የለም። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በ1837 እ.ኤ.አ. ለሳይንስ አስተዋውቆት ነበር፤ የወሎ ሰፈርን ሰው አስተያየት ግን አልጠየቀም። ይህ ጥናት ጉድለቱን ይሞላል።

የጥናቱ ዘዴ፦ አንድ በረንዳ፣ አንድ ተመልካች፣ ሦስት ዙር፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። የበረካው መረጃ ከአቦሉ ቀጠን ማለቱ ይታወቅልን።

መልክ፦ ላባው ጠቆር ያለ ነው፤ ፀሐይ ሲያገኘው አረንጓዴ ያብረቀርቃል። ሲበር ክንፉ ላይ ሰፊ ነጭ ምልክት ይታያል። መንቆሩ ረጅምና ወደ ታች የጎበጠ ነው። ከመንቆሩ ሥር ቀጭን ሥጋ ተንጠልጥላበታለች። ከረባት ናት የሚሉ አሉ፤ ነገር ግን ቢሮ ሲገባ የታየ ጋጋኖ የለም።

ጠባይ፦ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ውጭ አይኖርም፤ ዲቪም ሞልቶ አያውቅም። የሚውለው በመንጋ ነው። አንዱ «ሃ!» ብሎ ሲያወጣ ሌሎቹ ይቀበሉታል። ምግቡን፣ ትልና ነፍሳትን፣ መንቆሩን እርጥብ መሬት ውስጥ እየሰካ ያወጣል።

ዋናው ጥያቄ በማን ይስቃል የሚለው ነው። በታክሲ ሰልፈኛ ነው የሚለው መላምት ውድቅ ሆኗል፤ ሰልፍ በሌለበት እሑድም ይስቃል። ኪራይ በተጨመረበት ተከራይ ነው የሚለውም አላስኬደም፤ በአከራዩ ጣሪያ ላይም ድምፁን አይቀንስም።

መልሱ የተገኘው በሦስተኛው ቀን፣ በኢትዮ ቻይና ጎዳና በኩል፣ «ሣሩን አትርገጡ» ከሚል ሰሌዳ አጠገብ ነው። ሦስት ጋጋኖዎች ሰሌዳውን አልፈው ገቡና ሣሩን ረገጡት። መርገጥም ብቻ አይደለም፣ ቆፈሩት። ጥበቃው ዝም አለ። ወዲያው አንድ ሕፃን ኳሱን ሊያነሳ አንድ እግሩን ሣሩ ላይ ቢያሳርፍ ፊሽካው ተነፋ። ጋጋኖዎቹ ብድግ ብለው እያስካኩ ወደ ጎተራ በረሩ።

ምክረ ሐሳብ፦ ወይ ጋጋኖ ፊደል ይቁጠር፣ ወይ ለእኛም ክንፍ ይታደለን። እስከዚያው፣ አንባቢ ሆይ፣ ነገ ማለዳ ሲስቅብዎ አይቀየሙት። ሣሩ ላይ ያለው እሱ ነው።