አብሽር፣ ዲዛይነሩ ያስተካክለዋል

የደሴና የኮምቦልቻ ማተሚያ ቤቶች ደንበኛ ሰው አማኝ ነው። ሥራውን አዘጋጅቶ አያመጣም፤ አዘጋጅቶ ማምጣት ባለሙያውን መናቅ ይመስለዋል። ፒያሳ ካለው ሱቅ ገባ ይልና ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ «ይቺን ሦስት ሜትር አርግልኝ» ይላል። ይቺ የተባለችው ከፌስቡክ በስክሪንሹት የተወሰደች ፎቶ ናት፤ ባትሪው ስንት በመቶ እንደቀረውና ስንት ሰው «ላይክ» እንዳደረጋት ሳይቀር ጥግ ላይ ይነበባል። ዲዛይነሩ አፉን ሊከፍት ሲል «አብሽር፣ አንተ ታስተካክለዋለህ» ይባላል። መቼ እንደሚፈለግ ከጠየቀም መልሱ የታወቀ ነው፤ ዛሬ ማታ።

ይህን ያማረ ሥርዓት የሚያጥላሉ አሉ። እኔ የለሁበትም።

አጥላዮቹ ሒሳብ ይወዳሉ። በእጅ ተይዞ የሚነበብ ኅትመት በ1 ኢንች 300 ነጥብ ይፈልጋል፤ ስለዚህ 1280 ፒክሰል ስፋት ያለው ፎቶ 11 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲደርስ አቅሙ ያልቃል ይላሉ። ያንኑ ፎቶ 3 ሜትር ባነር ላይ ቢዘረጉት ለ1 ሴንቲ ሜትር 4 ነጥብ ብቻ ይደርሰዋል። ባነር ከሩቅ ስለሚታይ ብዙ ይቅር ይባልለታል፤ ይህን ያህል ግን አይባልለትም። ይሁና! የተመራቂው ፊት በካሬ በካሬ ሆኖ ሲወጣ ዘመድ አዝማድ ሁሉ ከአስፋልቱ ማዶ ቆሞ ለማየት ይገደዳል፤ በሩም አይጨናነቅም።

ቴሌግራም ለዚህ ሥርዓት የዋለው ውለታ አይረሳም። ፎቶውን በፎቶነቱ ሲልኩት ጨምቆ ያሳንሰዋል፤ በፋይል መልክ ቢልኩት ግን እንዳለ ያደርሰዋል። ሁለቱን የሚለያቸው አንዲት የጣት ንክኪ ናት፤ ጣት ግን ለስንቱ ይድከም? ፎቶ አንሺው በውድ ካሜራ ያነሳት ሙሽራ ከሚዜ ወደ እህት፣ ከእህት ወደ አጎት እየተላከች፣ በየስልኩ እየተቀመጠች እንደገና እየተላከች ዲዛይነሩ ዘንድ ስትደርስ ሙሽራ መሆኗ የሚታወቀው በነጩ ቀሚስ ብቻ ነው። ከዚያ «ጥራት የላችሁም» ይባላል። ማን? ማተሚያ ቤቱ ነዋ።

የፊደሉ ጉዳይ ግን ከሁሉም ይጥማል። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ የራሱን ቦታ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት ፎንቶች ፊደላችንን የሚያስቀምጡት በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ነበር፤ በእነሱ የተጻፈ ሰነድ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ባለቦታዎቹ ላቲኖች ተመልሰው ብቅ ይላሉ። እንግዲህ ሩብ ምዕተ ዓመት አለፈ። መሥሪያ ቤቱ ዛሬም የዓመቱን ሪፖርት በአሮጌው ፎንት አስጽፎ በፍላሽ ይልካል፤ ፎንቱን ግን አይልክም። ምናልባት ቅርስ ስለሆነ ከግቢ እንዳይወጣ ተከልክሎ ይሆናል። ማተሚያ ቤቱ ሲከፍተው «የበጀት ዓመቱ አበይት ክንውኖች» የነበረው የእንግሊዝኛ ፊደልና የሥርዓተ ነጥብ ትርምስ ሆኖ ይጠብቀዋል። ፎንቱን አብሮ መስጠት፣ ወይም ሰነዱን ፎንቱን አቅፎ በሚይዝ ፒዲኤፍ መለወጥ የደቂቃ ሥራ ነው። ግን እንዲያ ከተደረገ ዲዛይነሩ ምን ሊሠራ ነው? 40 ገጽ እንደገና ይተይብ እንጂ፤ ተሳስቶ ከተየበ ደግሞ የሚወቀስ ሰው ተገኘ።

ወሎ ነውና የሠርግ ጥሪ ካርዱ አናት ላይ ቢስሚላህ በዓረብኛ ፊደል መጻፉ የተለመደ ነው። ዓረብኛ እንዲጽፍ ያልተዘጋጀ ፕሮግራም ላይ ከስልክ ገልብጠው ሲለጥፉት ተያይዘው የሚጻፉት ፊደላት ይለያያሉ፤ ከቀኝ ወደ ግራ መሄዱም ቀርቶ ከግራ ወደ ቀኝ ይሰለፋሉ። ማንበብ የማይችል ዲዛይነር ይህን በምን ይወቀው? ትክክለኛውን ጽሑፍ በምስል አብሮ መላክ ይበቃ ነበር። ደንበኛው ግን አይቸኩልም፤ ካርዱ ከታደለ በኋላ የሚያርሙት ሼኽ መቼም አይጠፉም።

ስለ ቀለም ብዙ አልልም። ስልክ ቀለምን የሚሠራው በብርሃን፣ ማተሚያ ማሽን የሚሠራው ደግሞ በ4 ቀለም ነው፤ በሳያን፣ በማጀንታ፣ በቢጫና በጥቁር። ስክሪን ላይ የሚንቦገቦግ አረንጓዴ ወረቀት ላይ ያን ያህል አይንቦገቦግም። ደንበኛው ይህን ሲሰማ የስልኩን ብርሃን እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጎ ከካርዱ ጎን ይይዘውና «ቀለም ቆጥባችሁብኛል» ይላል።

ኮምቦልቻ የጨርቃ ጨርቅ ከተማ ናት፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርኳም የልብስ ፋብሪካ ይዟል። እዚያ ለስፌት ማጠፊያ ትርፍ ሳይተው ጨርቅ የሚቆርጥ የለም። ኅትመትም እንዲሁ ነው፤ መቁረጫው ትንሽ ቢዛነፍ ነጭ ጠርዝ እንዳይቀር የጀርባው ቀለም በየዙሪያው 3 ሚሊ ሜትር አልፎ መሄድ አለበት፤ ብሊድ የሚሉት ይህንን ነው። ጽሑፍ ደግሞ ከጠርዙ ወደ ውስጥ ይሸሻል። ቀን ፋብሪካ ውስጥ በሚሊ ሜትር ሲለካ የዋለ ሰው ማታ የማኅበሩን መጽሔት ሲያዘጋጅ የሊቀ መንበሩን ስም ከጠርዙ ጋር አስታኮ ያስቀምጠዋል። ሲቆረጥ ሊቀ መንበሩ አያታቸውን ያጣሉ፤ አንዳንዴም አባታቸውን።

የሥርዓቱ ዘውድ ናሙና ላይ መፈረም ነው። «አንብበው ይፈርሙ» ሲባል ደንበኛው ሳያነብ ይፈርማል፤ ማንበብ መጠራጠር ነውና። የሚያነበው ታትሞ ሲያልቅ ነው፤ ያኔ ግን ብቻውን አያነብም፣ ቤተሰቡን ሰብስቦ ነው። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ሲቋቋም ፊደል በእጅ እየተለቀመ በሚደረደርበት ዘመን ነበር፤ የተሳሳተችውን ነቅሎ ሌላ መተካት ይቻል ነበር። በኦፍሴት ኅትመት ግን ገጹ የሚያርፍበት ሰሌዳ፣ ፕሌት የሚሉት፣ ከወጣ በኋላ ነቅሎ መተካት የለም። ባለ 4 ቀለም ሥራ ለየቀለሙ አንዳንድ ፕሌት አለው፤ አንዲት ጥቁር ፊደል ለማረም ቢያንስ የጥቁሩ ፕሌት እንደገና ይወጣል፣ የታተመውም ወረቀት ይጣላል። ናሙናው ላይ ፊርማ ካለ የዚህ ሁሉ ሒሳብ የፈራሚው ነው።