ማን ነው የነካካው?

ጎንደር ላይ ሞተር ሳይክል አልነሳ ካለ ምርመራ አያስፈልገውም። ከሱቅ በረንዳው፣ ከጀበና ቡናው፣ ከባጃጅ ተራው ፍርዱ በአንድ ድምፅ ይመጣል፦ «ካርቦራተር ነው!» ቤንዚን ያለቀበትም ካርቦራተር ነው።

ሰሞኑን አዘዞ አንድ ጥገና ቤት ደጃፍ እንዲህ ያለ ችሎት ታደምኩ። ተከሳሹ ከደባርቅ የተመለሰ የአንድ ጎረምሳ ሞተር ነው። ሲሄድ ዳገቱ ላይ ታፍኖ ጥቁር ጭስ ሲተፋ ነበር አሉ። ዳባት ላይ አንዱ የካርቦራተሩን ማስተካከያ ብሎን አጠበቀለት፣ ደባርቅ ላይ ሌላው አላላለት። አሁን ደግሞ ሚኒሞ አልይዝ ብሎ ቆም ባለ ቁጥር ይጠፋል።

መካኒኩ ካቻቢቴውን መዘዘ። (ጣልያን ኅዳር 1934 ዓ.ም. እዚሁ ጎንደር ላይ እጁን ሰጥቶ ሲሄድ ካቻቢቴን፣ ካንዴላን፣ ፊልትሮንና ማርሚታን ለጋራዦቻችን ትቶልናል።)

«ብሎኗ ስንት ዙር ላይ ነበረች?» አልኩት።

«ጆሮዬ ያውቃታል።»

ቀስ አድርጎ እስከ ጥጓ እያስገባ ዙሯን ቢቆጥርና ግድግዳው ላይ በከሰል ቢጽፋት ምን ነበረበት? ግድግዳው እንደሆነ በስልክ ቁጥር ተሞልቷል።

የቤንዚኑን መዝጊያ ሳይዘጋ የካርቦራተሩን ኩባያ ፈታው። ቤንዚኑ ገና ባልበረደው ሞተር ላይ ጠብ ጠብ አለ። ሁለት እርምጃ ርቆ የቡናው ማንደጃ ፍም ይዟል። ከተመልካቾቹ አንዱ ሲጋራውን እንደያዘ አጎንብሶ አየና «ቆሽሿል» ሲል ፈረደ። ከዚያ ሁሉ ሊቅ መካከል ንቅንቅ ያለችው ቡና አፍዪዋ ብቻ ናት፤ ማንደጃዋን ብድግ አድርጋ ማዶ ተሻገረች። ደንበኞቿ ቡናው ራቀብን ብለው አጉረመረሙ።

ቀጥሎ የቤንዚኗን ማሳለፊያ ቀዳዳ በሽቦ ጎረጎራት። ነሐስ ናት፤ በሽቦ በተጎረጎረች ቁጥር ትሰፋለች፣ ስትሰፋ ቤንዚን ታበዛለች። በአየር ቢነፋት ይበቃት ነበር፤ ጎማ የሚነፉበት ኮምፕረሰር በሩ ላይ ተገትሮ ያያል።

የሚገርመው ሞተሩ መጀመሪያውኑ አልታመመም። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ናት፣ ደባርቅ 2,800ን ታልፋለች። ወደ ላይ በወጡ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ ካርቦራተሩ ግን ቤንዚኑን በዚያው ልክ አይቀንስም። ስለዚህ ይታፈናል፣ ካንዴላውም ጥላሸት ይለብሳል። ወደ መተማ ቆላ ቢወርድ ተገላቢጦሹ ነው፤ ቤንዚን ያንሰውና ሞተሩ ይግላል። ደግሞስ ሁሉም የተረባረቡባት ብሎን የምትገዛው ሚኒሞውን ነው። ዳገት ላይ ጋዙ ሙሉ ሲከፈት ቤንዚን የምታሳልፈው ያች የተጎረጎረችው ቀዳዳ ናት።

መካኒኩ ቀና ብሎ ጎረምሳውን በቁጣ አየው።

«ለመሆኑ ይሄን ማን ነው የነካካው?»

«ዳባት አንዱ፣ ደባርቅ አንዱ፤ መጀመሪያ ግን እርስዎ ነዎት ጋሼ፣ ያለፈው ቅዳሜ።»

ካቻቢቴውን ሱሪው ላይ ጠረገ።

«የኔውማ ልክ ነበር» አለ።