የሻወር ቤት ድምፃውያን

ሰው ሁሉ ሻወር ቤት ሲገባ ድምፃዊ ነው፤ ሰርግ ላይ ማይክ ሲጨብጥ ግን ምን እንደሚነካው አይታወቅም። ጠዋት ሳሙናውን እንደያዘ ያለ ጭንቅ የወጣበትን ከፍታ፣ ማታ በታዳሚ ፊት ሲሞክረው ድምፁ መሀል ላይ ይሰነጠቅበታል። ጥፋተኛ የሚባለው ሻወር ቤቱ ነው፤ ሴራሚኩ አሳመረለት እንጂ ድሮም ድምፅ የለውም ይሉታል። ይህ ፍርድ የተገላበጠ ይመስለኛል። ሰውዬው ሻወር ቤት ሳያውቀው በትክክል ሲዘፍን ነበር፤ ያጠፋው ሰርጉ ላይ፣ በጉልበት ልውጣው ሲል ነው። የድምፅ ክልል የሚሰፋው በመግፋት ሳይሆን በመተው ነው ብል፣ መጀመሪያ የሚቆጣኝ እሱ ራሱ ይሆናል።

እስቲ ቀረብ ብለን እንየው። ዜማው ሽቅብ ሊወጣ ሁለት ቃል ሲቀረው ትከሻው ይነሳል፤ አገጩ ወደ ጣሪያ ያቀናል፤ ዓይኑ ይጨፈናል፤ የአንገቱ ሥር ይገተራል። ቀጭን ድምፅ ከቆጥ ላይ የሚወርድ ዕቃ ይመስል መላ አካሉ ይንጠራራል። ጣትዎን ማንቁርትዎ ላይ አድርገው ምራቅዎን ዋጥ ቢያደርጉ፣ ማንቁርቱ ወደ ላይ ሲሸሽ ይሰማዎታል። ያልተለማመደ ዘፋኝ ከፍታውን ሲያሳድድም ማንቁርቱ የሚሸሸው በዚያው መንገድ ነው። እሱ ሊዘፍን ሲነሳ ጉሮሮው ሊውጥ ተዘጋጅቷል፤ ክትፎው ደግሞ ገና አልቀረበም። ማንቁርት ውስጥ ያሉት ሁለቱ የድምፅ አውታሮች ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚረዝሙ ናቸው። ሙዚቀኞች መሣሪያ የሚቃኙባትን “ላ” ለማውጣት በሰከንድ 440 ጊዜ፣ አንድ ኦክታቭ ለመጨመር ደግሞ 880 ጊዜ ይርገበገባሉ። ድምፁን የሚያቀጥነው በዋናነት የአውታሮቹ መለጠጥና መሳሳት ነው። ክራር ደርዳሪ ቀጭን ድምፅ ሲያምረው መቃኛውን ያጠብቃል እንጂ ክሩን በዱላ አይመታም። አንድ ክር ብቻ ያለው ማሲንቆ እንኳ ከፍ የሚለው በጣት አቀማመጥ ነው፤ ደጋኑን በኃይል የሚጫነው ሰው የሚያተርፈው ጩኸት ነው።

ሳይገፉ መዝፈን ከፈረንጅ የመጣ ቅንጦት አይደለም። በቅዱስ ያሬድ ስም ከሚጠሩት ሦስቱ ዜማዎች ግዕዝን ሊቃውንቱ ደረቅ ሲሉት፣ አራራይን ግን ቀጭን፣ ልብ የሚያራራ ይሉታል። ከፍታና ልስላሴ አብረው የሚሄዱ መሆናቸው እንግዲህ በአገራችን ዜማ ቤት የታወቀ ነገር ነው። ፈረንጆቹማ አውታሮቹን በዓይን ማየት የቻሉት ዘግይተው ነው፤ እሱንም ያደረገው ሐኪም ሳይሆን የዘፈን መምህር ነበር። ማኑኤል ጋርሺያ የተባለው ስፔናዊ በ1854 እ.ኤ.አ. የጥርስ ሐኪም መስታወት ጉሮሮው ላይ ደግኖ፣ በሌላ መስታወት የፀሐይ ብርሃን እያስገባ የገዛ ማንቁርቱን ተመለከተ። ሰውዬው የኖረው 101 ዓመት ነው። ዘፈን ዕድሜ ይቀጥላል ለማለት አይደለም፤ ግን ተማሪዎቹ ጮኸው አልገደሉትም።

“ድምፅ የእግዜር ስጦታ ነው፣ በልምምድ አይመጣም” የሚሉ አሉ። ግማሹ እውነት ነው፤ የአውታርን ርዝመት ማንም አይቀይርም፤ ድምፀ ወፍራሙ ሰውም ስለተለማመደ ብቻ የአስቴር አወቀን ከፍታ አይወርስም። ቢሆንም አብዛኛው ሰው የተሰጠውን ሰፊ ግቢ ትቶ በር ላይ ባለችው የዘበኛ ቤት፣ ማለትም በንግግር ድምፁ፣ ተወስኖ ይኖራል። ግቢውን ሳይዞር መሬት አነሰኝ ማለት ደግ አይደለም። ጥሬ እንቁላል የሚያዝዙም አሉ። የምንውጠው ሁሉ የሚወርደው በምግብ ቧንቧ ነው፤ አንዲት ጠብታ አውታሮቹን ብትነካ ትን ብሎን በሳል እንጨነቃለን። ስለዚህ እንቁላሉ ጨጓራን ያስደስት ይሆናል እንጂ ድምፅ ጋ አይደርስም፤ ዶሮዋ በከንቱ ደክማለች። ዝንጅብልና ማር ጉሮሮን ያጽናናሉ፤ ኦክታቭ ግን አይጨምሩም።

ከበድ ያለው ተቃውሞ የአዝማሪው ነው። ጠጅ ቤት ውስጥ፣ ያለ ማይክ፣ ብርሌ እየተንኳኳ ሌሊቱን ይዘፍናል፤ ታዲያ እሱ የገፋ አይደለም ወይ? ብዙው አዝማሪ ሙያውን የያዘው ከልጅነቱ፣ ከቤተሰቡ ሲሆን፣ አንገቱን ልብ ብሎ ያየ ሰው የሰርገኛውን ግትር ሥር አያገኝበትም፤ ድምፁን የሚያሻግርለት የአፉ አከፋፈትና የትንፋሹ አጠቃቀም ነው። ይህን ያልቻለው ድምፁ ይሻክራል። ሻካራ ድምፅ ይጣፍጣል፣ እኔም እወዳለሁ፤ ክልል ግን አይሰፋበትም፣ እንዲያውም ይጠብበታል። ድምፁ ከሻከረ ሳምንታት የቆጠረ ሰውማ እንቁላሉን ትቶ የአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ይሂድ።

ወደ ሻወር ቤቱ እንመለስ። እንፋሎት በትንፋሽ ስለሚገባ፣ ከጠጁም ከእንቁላሉም ይልቅ አውታሮቹ ዘንድ የሚደርስ እሱ ነው። የተወቀሰው ሴራሚክም ባለውለታ ነው፤ ኤቲየን ሎምባር የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም በ1911 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው፣ ሰው ጫጫታ መሀል ሲሆን ሳያውቀው ድምፁን ያጎላል፤ ሴራሚኩ ድምፁን መልሶለት ራሱን በደንብ የሰማ ግን መግፋቱን ይተዋል። “ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ በጆግ እየተለቃለቁ ምን እንፋሎት አለ?” ለሚለኝ መልስ አለኝ። አንድ ስትሮና ግማሽ ብርጭቆ ውሃ ይበቃል። ስትሮውን ውሃው ውስጥ አድርጎ አረፋ እያስነሱ ማዜም፣ ወይም ፈረስ እንደሚያደርገው ከንፈርን ብርርር እያሰኙ ከታች ወደ ላይ መንሸራተት። ከንፈር ላይ የታገደው አየር መልሶ ስለሚደግፋቸው አውታሮቹ ሳይጋጩ በቀስታ ይገናኛሉ።

ሦስተኛው ልምምድ ብቻ ጥንቃቄ ይፈልጋል። “ኡ” እያሉ፣ እንደ አምቡላንስ፣ ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ መውጣትና መውረድ ነው። ይህ በለሆሳስ መሆን አለበት። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ኡኡ የሚል ሰው የሚጠብቀው ጭብጨባ ሳይሆን፣ ዱላ ይዞ ደረጃ የሚወጣ ጎረቤት ነው። ጎረቤት በሩን ካንኳኳ ገፍተዋል ማለት ነው፤ ይቅርታ ጠይቀው ከወፍራሙ እንደገና ይጀምሩ።