አሠሪ ጠፋ

«ጋሼ፣ የዘንድሮ ሠራተኛ እኮ…» ብሎ የሚጀምር ሰው ሲያጋጥመኝ ጆሮዬ በራሱ ጊዜ ይዘጋል። የሚቀጥለውን በቃሌ አውቀዋለሁና። ልጆቹ ሰነፎች ናቸው፤ ዓይናቸው ስልክ ላይ ተተክሏል፤ ገና ሥራ ሲለምዱ ጥለው ይሄዳሉ፤ አደራ የሚሰጠው ሰው ጠፋ። የልብስ ስፌቱን ለልጄ ለቅቄ ከዘራዬን ይዤ መቀመጥ ከጀመርኩ ወዲህ፣ የሰፈሩ ባለካፌ፣ ባለፀጉር ቤትና ባለሥጋ ቤት ሁሉ ሥራ የፈታ ሽማግሌ አገኘን ብሎ እኔ ዘንድ መጥቶ ያለቅሳል። ይህን ሁሉ ሙሾ ስሰማ «አሠሪ ጠፋ» ብሎ ያለቀሰ አንድም ሰው አላየሁም። እኔ ጠፋ የምለው ደግሞ እሱን ነው።

ቅጥሩን እዩልኝ። በር ላይ ማስታወቂያ ይለጠፋል፦ ልምድ ያላት፣ መልከ መልካም፣ ታማኝ፣ ተያዥ ማቅረብ የምትችል አስተናጋጅ እንፈልጋለን፤ ደሞዝ በስምምነት። እኔ ሚስት ሳገባ የተጠየቅሁት ሽማግሌ፣ ዛሬ ማኪያቶ ለማመላለስ ከሚጠየቀው ተያዥ ያነሰ ነበር። ልጅቷ መታወቂያዋን፣ የተያዥዋን መታወቂያ፣ የተያዥዋን የደሞዝ ማስረጃ ተሸክማ ትመጣለች። «አንተስ ምን ወረቀት ሰጠሃት?» ብዬ ባለካፌውን ብጠይቀው፣ ሽርጥ ሰጠኋት አለኝ!

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን በወፍራሙ መነጽሬ አንብቤዋለሁ። (ሽማግሌ ዳዊት ብቻ ነው የሚደግመው ያለው ማነው?) የሥራ ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ፍሬ ነገር የያዘ፣ የተፈረመበት ደብዳቤ ይስጥ ይላል። የሙከራ ጊዜውም በጽሑፍ መሆን አለበት፤ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። በፊት 45 ቀን ነበር፣ ለአሠሪው ተብሎ ተረዘመ፤ እሱ ግን ወረቀቱን አልጻፈም። አንድ ገጽ እኮ ነው። ሥራሽ ይህ ነው፣ ሰዓትሽ ይህ ነው፣ ደሞዝሽ ይህን ያህል ነው፣ በዚህ ቀን ይከፈላል። ይህ ስለሌለ ልጅቷ ጠዋት አስተናጋጅ፣ ቀትር ላይ ወለል ወልዋይ፣ 9 ሰዓት ላይ የጌታውን ልጅ ከትምህርት ቤት አምጪ ትሆናለች። ከዚያ «ሥራ አትወድም» ትባላለች። የትኛውን ሥራ?

ደግሞ አዲስ ሰው የሚጀምረው ቅዳሜ ነው። ቤቱ በሰው በተጨናነቀበት፣ የሚያሳያት በሌለበት፣ ዋጋ እንኳ ሳታውቅ ትሪ ይሰጧታል። ሦስት ብርጭቆ ትሰብራለች፣ ከደሞዟ ይቆረጣል፣ ሰኞ የለችም። ሰኞ ወይም ማክሰኞ አስጀምራት፣ ጎበዟን አስተናጋጅ አጠገቧ አቁምላት ብል፣ «ጋሼ፣ ጊዜ የለማ!» ይላል። በየወሩ አዲስ ሰው ለመቅጠር ግን ጊዜ አለው።

ቁልፉንስ ተዉት። አንድ የማውቀው ሰው የስቶሩን ቁልፍ በኪሱ ይዞ ነው የሚዞረው፤ ስኳር እንዳይሰረቅ። አንድ ቀን ቀብር ሄደ። ስኳር አለቀ። አራት ሠራተኛ በር ላይ ቆሞ፣ ደንበኛ ሻይውን እንደ መድኃኒት እየጠጣ፣ ጌታው ቁልፉን ኪሱ ውስጥ እያቃጨለ ሐዘንተኞቹን አጽናንቶ በ10 ሰዓት መጣ። ስንት ሻይ ሳይሸጥ ቀረ? አልቆጠረውም። ስኳሩን ግን ቆጥሮታል፤ አልጎደለም። ጠዋት የቀኑን ስኳር ለክቶ ለአንዷ አስፈርሞ ማስረከብ አዳጋች ነገር ነው?

አንዷ ባለካፌ ደግሞ ካሜራ አስገጥማለች። ቤቷ ተኝታ በስልኳ ታያለች። አስተናጋጇ ትንሽ ቆም ካለች ትደውላለች። «ለምን ቆምሽ?» ልጅቷ ትሪዋን አስቀምጣ ስልክ አንስታ ለምን እንደቆመች ታስረዳለች። ማስረዳቱን ስትጨርስ እንደገና ይደወላል። «አሁንስ ከማን ጋር ነው የምታወሪው?» እዚያው ጠረጴዛ ላይ ሒሳብ የሚጠብቀው እኔ ነበርኩ። «አንቺ ልጅ፣ ካሜራው ማሽኑና መታጠቢያው መራራቃቸውን አያሳይሽም ወይ?» ብዬ ባለካፌዋን ብጠይቃት ሳቀች። አስተናጋጇ ሲኒ ለማጠብ ቤቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ታቋርጣለች። የሲኒ መደርደሪያውን ማሽኑ አጠገብ ከማዛወር ሌላ ካሜራ መጨመሩ ይቀላታል መሰለኝ።

በእኔ ሙያ ጊዜን የሚበላው መስፋቱ አይደለም፣ ፍለጋው ነው። መቀሱ የት ሄደ፣ ሜትሩን ማን አነሳው፣ ጥቁሩ ክር የታለ። ለእያንዳንዱ ሰፊ የራሱን መቀስና ሜትር ስጠው፤ ዋጋውን መስከረም ሳይጠባ በዩኒፎርሙ ሥራ ይመልሰዋል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሁሉም እጁን አጣጥፎ ያወራል። ቁልፍ መትከል፣ የሱሪ ጠርዝ ማጠፍ፣ ክር መልቀም መብራት አይፈልጉም፤ ለዚያ ሰዓት በቅርጫት ማቆየት ነው። ስለ ክፍያውም ልንገራችሁ። ሰፊን በቁጥር ከከፈልከው ቁጥር ይሰፋልሃል። ፈጣን ነው፣ ያስደስታል፣ ሱሪው ግን ሰርግ ቤት ባለቤቱ እስክስታ ሲመታ ይተረተራል። ተበላሽቶ የሚመለስ ልብስ እንደማይቆጠር ገና ሲጀምር ከእሱ ጋር ተስማማ። ሲመለስ ብቻ ብትቆርጥበት ኪሱን ነካህ እንጂ ሥራውን አላስተማርከውም።

ደሞዝ ካነሳን አይቀር፣ አገሩ የ13 ወር ፀሐይ እያለ ይፎክራል፣ ደሞዙ ግን የ12 ወር ነው። ጳጉሜን ላይ ደግሞ የበዓል ገበያ ስለሆነ ካፌውም ስፌቱም አይተኛም። ሆድ ጳጉሜን አያውቅም። ለነዚያ ቀናት ትንሽ ነገር የጨመረ ሰው መስከረም ላይ ማስታወቂያ አይለጥፍም። ከጡረታውም አትሽሹ። 11 በመቶ ከአሠሪው፣ 7 በመቶ ከሠራተኛው ነው። ሰባቱን ቆርጦ አስራ አንዱን የሚረሳ አሠሪ አውቃለሁ፤ ስሙን ለራሱ እተዋለሁ።

ባለሥጋ ቤቱ ደግሞ ፈቃድ አይሰጥም። በሁዳዴ ቆራጮቹን ዝንብ ሲያባርሩ ያውላቸዋል፤ ለፋሲካ ሳምንት አገሬ ልሂድ ሲሉት እሪ ይላል። በመጀመሪያው ዓመት የሚገባቸው 16 የሥራ ቀን ነው። 55 ቀን ጾም ውስጥ 16 ቀን አጣህ? በጾሙ ላካቸው፣ የፋሲካ ዋዜማ ማን እንደሚገባ ቀደም ብለህ ከእነሱው ጋር ተነጋገር፣ በበዓሉ ቀን ለሚሠራውም የሰዓቱን ሒሳብ በ2 አባዝተህ ክፈል። የረቡዕና የዓርብ ቀዝቃዛ ሰዓትም ለባለካፌ እንደዚያው ነው፤ ወተቱ ሲያርፍ አዲሷን ልጅ ማሽን አስተምራት።

ማባረሩም ሥርዓት የለው። ደንበኛ ፊት «ውጣ!» ይላል፣ ማታ ተቆጭቶ «ናልኝ» ብሎ ይደውላል፣ ከዚያ ሌላ ቀን ደግሞ «ውጣ!»። ሠራተኛው ያለ በቂ ምክንያት የሚያረፍድ ከሆነ አዋጁ መንገዱን አስቀምጧል፤ በጽሑፍ እየተነገረው በ6 ወር ውስጥ 8 ጊዜ ካረፈደ ያለ ማስጠንቀቂያ ማሰናበት ትችላለህ። በጽሑፍ እኮ ነው የሚለው! ጩኸት ማህደር ውስጥ አይገባም። የሥራ ክርክር ችሎት ቀርበህ «ጮኼበት ነበር» ብትል ዳኛው ምን ያድርጉልህ?

ባለፈው ባለፀጉር ቤቱ ልጅ ይህን ሁሉ ቁጭ ብሎ ሰማኝ። ደጋግሞ ራሱን ነቀነቀ፤ እሰይ፣ አንድ ሰው አገኘሁ አልኩ።

«ጋሼ፣ ለሦስቱ ፀጉር አስተካካዮቼ ደብዳቤውን እርስዎ ለምን አይጽፉልኝም? የእጅ ጽሑፍዎ ያምራል።»

«ስንት ትከፍለኛለህ?»

«ኧረ ለእርስዎ ደግሞ! አባቴ ነዎት እኮ!»

ሰዓቴን አየሁ። ከምሽቱ 4 ሰዓት ከሩብ ሆኗል። ከ4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት የሚሠራ ትርፍ ሰዓት በ1.75 እንደሚባዛ ነገርኩት።