አዋልድን በመርሐ ግብር ስለ ማስደነቅ

የሰው ልጅ በጥበብ ላይ ጥበብ እየጨመረ በሄደበት በዚህ ዘመን ከተገኙት በጎ ነገሮች ሁሉ እጅግ የሚያስመሰግነው፣ ሴት ልጆቹን ይዞ ቶኪዮ የገባ አባት ልጆቹን ምን ደስ እንደሚላቸው በማሰብ እንዳይደክም፣ ልጆቹም በገዛ ዓይናቸው መርጠው ደስ እንዳይላቸው፣ ከጧቱ አራት ሰዓት ጀምሮ ፀሐይ እስክትጠልቅ የሚደነቀውን ነገር ተራ በተራ የሚያስደንቅ ሰው በቀን ዋጋ መቅጠር መቻሉ ነው። ጃፓኖች «ካዋይ» የሚሉት፣ ትንሽነትን፣ ክብነትንና የዋህነትን የሚያፈቅረው ልማዳቸው ድሮ ማንም ሕፃን ያለ አስተማሪ የሚገባው ነገር ይመስል ነበር፤ ዛሬ ግን ምስጋና ለአስጎብኚዎች ይድረሳቸውና፣ መግቢያና መውጫ ሰዓት ያለው፣ ሂሳቡም አስቀድሞ የሚከፈልበት ረቂቅ ትምህርት ሆኗል።

ጉባኤው የሚሰበሰበው በሐራጁኩ ባቡር ጣቢያ ነው። ከጣቢያው በአንድ ወገን በ1920 እ.ኤ.አ. ለንጉሠ ነገሥት ሜይጂና ለእቴጌይቱ መታሰቢያ የተሠራው መቅደስ ከነደኑ ተንጣሎ ይታያል፤ ከእርሱም ቀጥሎ፣ አበበ ቢቂላ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ባስወጣ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ሮጦ ዓለምን ባስገረመበት በ1964ቱ ኦሊምፒክ የስፖርተኞች መንደር የነበረው የዮዮጊ መናፈሻ አለ። አስጎብኚው ግን ለዚህ ሁሉ ጀርባውን ሰጥቶ ትንሿን ባንዲራውን እንደ መሪጌታ መቋሚያ ከፍ አድርጎ ወደ ታኬሺታ ጎዳና ይገባል። እውነትም ነው፤ ደኑ ክብ አይደለም፣ የአበበም ድል ሮዝ ቀለም የለውም።

ታኬሺታ ርዝመቷ አራት መቶ ሜትር እንኳ የማይሞላ፣ በትከሻ እየተገፉ የሚያልፉባት ጠባብ መንገድ ናት። በዚያ ከስኳር የተፈተለ፣ የቀስተ ደመና ቀለም የተቀባ፣ ከልጅቱ ራስ የሚበልጥ ጥጥ በእንጨት ተሰክቶ ይሸጣል፤ ሰባት ዓመት የሞላት ሕፃን ይህን ተቀብላ አፏን ስትከፍት፣ «ቆይ እንጂ፣ ፎቶ ሳናነሣ እንዳትነኪው!» የሚል ድምፅ ከወደ አባቷ ይመጣል። ከግራ ይነሣል፣ ከቀኝ ይነሣል፣ እናትየዋ ደግሞ ብርሃኑ አልተስማማኝም ብላ ታስደግማለች፤ ጥጡም በዚህ መካከል እየሟሸሸ፣ እየተጣበቀ ይወርዳል። በመጨረሻ ልጅቱ ጣቷን ስትልስ አስጎብኚው ሰዓቱን አይቶ፣ የመደነቁ ጊዜ እንዳበቃ ያስታውቃል።

ከሁሉ በላይ የሚከበረው ግን የሄሎ ኪቲ ገድል ነው። አስጎብኚው በመደብሩ ደጃፍ ቆሞ፣ በ1974 እ.ኤ.አ. ሳንሪዮ በሚባለው ኩባንያ ውስጥ ዩኮ ሺሚዙ የምትባል ሠዓሊ እንደ ሣለቻት፣ ትውልዷ በለንደን ዳርቻ እንደሆነ፣ ቁመቷ አምስት ቱፋሕ፣ ክብደቷ ሦስት ቱፋሕ እንደሚሆን ይተርካል፤ አባቶችም የገዛ ልጃቸው ክብደት ስንት እንደሆነ ቢጠየቁ የማይመልሱት ይህንን በቃላቸው ያጠናሉ። ይህች ባለ ጆሮና ባለ ጢም ፍጥረት ድመት ሳትሆን ትንሽ ልጃገረድ መሆኗን ኩባንያው በ2014 ባስታወቀ ጊዜ፣ ስለ ባሕርይዋ የተነሣው ክርክር በኬልቄዶን ከተነሣው በጩኸት የሚያንስ አልነበረም። አፍ የላትም፤ ይህም የሚያያት ሁሉ የራሱን ስሜት እንዲያሳድርባት ነው ይባላል። ለመጀመሪያ ጊዜ ለገበያ የወጣችበት ዕቃ ደግሞ የሳንቲም ቦርሳ ነበረ፤ ስለዚህ ለእርሷ የተነፈገው አፍ ለቦርሳው መሰጠቱን ያስተዋለ ሰው፣ የቀረውን የዚህን ልማድ ታሪክ ሁሉ እንደ ትንቢት አስቀድሞ ባነበበ ነበር።

አስጎብኚው የማያነሣው አንድ ታሪክ ግን አለ፤ ቢያነሣው እንጀራው ይቀርበታልና አይፈረድበትም። በዚያው በ1970ዎቹ ዓመታት የጃፓን ተማሪ ልጃገረዶች ማንም ሳያዛቸው፣ ከላይ ወደ ታች ይጻፍ የነበረውን ፊደላቸውን ወደ ጎን እየጻፉ፣ በቀጭን እርሳስ ክብ ክብ እያደረጉ፣ በመካከሉም ልብና ኮከብ እየሰኩ፣ የራሳቸው የሆነ የአጻጻፍ ስልት አወጡ። መምህራኑ ለማንበብ ተቸገሩ፤ አንዳንድ ትምህርት ቤቶችም እስከ መከልከል ደረሱ። ካዙማ ያማኔ የተባለው ተመራማሪ በ1980ዎቹ ነገሩን ሲመረምር ያገኘው፣ ልጆቹ ከመጽሔት የቀዱት ሳይሆን ራሳቸው የፈጠሩት መሆኑን ነው። ነጋዴው ከኋላ ደርሶ ክቡን ፊደል በየዕቃው ላይ አተመው፤ መንግሥትም ከነጋዴው ኋላ ደርሶ በ2009 ሦስት ወጣት ሴቶችን የካዋይ ልማድ መልእክተኞች አድርጎ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴሩ በኩል ሾመ፤ በማግሥቱም ዓመት የኩማሞቶ ግዛት ኩማሞን የተባለ ጉንጨ ቀይ ጥቁር ድብ አቆመ። እንግዲህ የዚህ ሁሉ ውበት ምንጩ የልጃገረዶች አለመታዘዝ ነበረ። የዛሬዎቹ አባቶችና አስጎብኚዎች ታላቅ ውለታ ይህን አደገኛ ምንጭ ደፍነው፣ ልጃገረዶች በሰልፍ ቆመው የሚቀበሉት፣ በባንዲራ የሚታዘዝ ውበት ማቆማቸው ነው።

ከምሳ በኋላ ጉጉት ወዳለበት ቡና ቤት ይኬዳል። በእኛ አገር ጉጉት በጣራ ላይ ከጮኸች ቤተ ሰቡ ጸሎት ይይዛል፤ በዚያ ግን በሌሊት ሊያድን የተፈጠረው ወፍ እግሩ በጠፍር ታስሮ፣ በቀትር ብርሃን ዓይኑ እየተንገላታ፣ እጃቸውን በመድኃኒት ያጸዱ እንግዶች በመዳፋቸው ጀርባ ራሱን ቀስ ብለው እንዲነኩት ተቀምጧል። ከልጆቹ አንዷ «ለምን ታሰረ?» ብላ ብትጠይቅ፣ ጥያቄው ከመርሐ ግብሩ ውጭ ስለሆነ መልስ የለውም፤ ይልቁንስ ፈገግ ብላ ወደ ካሜራው እንድትመለከት ትመከራለች።

የመጨረሻው ምዕራፍ፣ በ1995 ለገበያ የቀረበውና ፑሪኩራ የሚባለው የፎቶግራፍ ማሽን ነው። መጋረጃውን ገልጦ የገባ ሰው ዓይኑ ሰፍቶ፣ አገጩ ሾጥጦ፣ ቆዳው ነጥቶ ይወጣል፤ የእኛ አገር ጠይም ልጅ ብትገባበት እንኳ፣ የፈጣሪዋ ስሕተት በሳንቲም ታርሞላት ልትመለስ ትችላለች። ከዚያም ፎቶው በመስታወት ላይ ሲመጣ በብዕር የፈለጉትን እንዲጽፉበት ጥቂት ጊዜ ይሰጣል። በዚህ ሰዓት ታናሺቱ ብዕሩን ጨብጣ፣ ምላሷን በከንፈሯ ጥግ አውጥታ፣ በእኅቷ ራስ ላይ አንድ ነገር መሣል ትጀምራለች፤ ቀንድ ይሁን ዘውድ ገና አልለየለትም። ሰዓቱ እየቆጠረ ነውና አስጎብኚው ለእርዳታ ይደርሳል፤ የእጇን ሥራ በአንድ ንክኪ አጥፍቶ፣ ከማሽኑ ውስጥ አስቀድሞ የተዘጋጀውን የልብ ቅርጽ ይለጥፍበታል። እንዴት ያማረ ሆነ! እንደ ሌላው ሁሉ ሆነ!

አንዳንድ ቅር የተሰኙ ሰዎች፣ የሌላውን ሕዝብ ባህል ማየት ለልጅ ይጠቅማል፣ መሪ መያዝም ነውር የለበትም ይላሉ፤ በዚህ ማን ይከራከራቸዋል? እኔ የማቀርበው ሥርዓቱ ፍጹም የሚሆንበትን ምክር ብቻ ነው። ፎቶ የሚያነሣው፣ የሚከፍለው፣ የኪቲንም ክብደት የሚያውቀው አባት ስለሆነ፣ አባት ከአስጎብኚው ጋር ለብቻው ቢሄድ ቀኑ ያለ ጥያቄና ያለ ለቅሶ በሰላም ይፈጸማል። አዋልዱ በሆቴል ክፍል ይቆዩ፤ ምግባቸው ይምጣላቸው፣ ከፈለጉም ይተኙ። አደራ የምለው ግን እርሳስና ወረቀት ለብቻቸው ይዘው እንዳይቀሩ ነው፤ ያን ጊዜ አባት ማንበብ የማይችለውን፣ አስጎብኚም ገና ዋጋ ያልተመነለትን ነገር ጽፈው ሊቆዩ ይችላሉ።