ሩጫና የልደት ወረቀት

ሚኒሶታ፣ መስከረም 2018 ዓ.ም.

ለእናቴ፣ ናዝሬት

እማዬ፣ እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ።

ጉልበትህ ምን ሆነ እንዳትዪኝ፤ ማራቶን ሮጬ ነው። አዎ፣ እኔ። ከቤት ገበያ ለመድረስ ባጃጅ የሚጠራው ልጅሽ።

እዚህ ኢትዮጵያዊ ነኝ ያለ ሁሉ ሯጭ ነው። ሥራ ቦታ «ናዝሬት ለኃይሌ አገር ቅርብ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። አሰላ ከእኛ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል ብዬ መለስኩ። አለቀ፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ የአርሲ ደጋ ልጅ ሆንኩ። እነ ደራርቱና ቀነኒሳ የወጡባት በቆጂ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ እንደምትገኝ፣ እኛ ግን ከሺህ ሜትር በላይ ዝቅ ብለን፣ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ጥላ ለጥላ ስንሄድ እንዳደግን ማን ይሰማኛል?

ይባስ ብለው ቦስተን ካልሮጥክ አሉኝ። ቦስተን ደግሞ ዘው ተብሎ አይገባም። መጀመሪያ ሌላ ማራቶን ሮጠሽ ለዕድሜሽ የተወሰነውን ሰዓት ማሟላት አለብሽ። በውድድሩ ቀን 44 ዓመት ለሚሆነው ወንድ 3 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ነው፤ ለ52 ዓመቱ 3 ሰዓት ከ20።

በ1974 በጥምቀት ማግስት እንደወለድሽኝ አንቺም ጎረቤቱም ያውቃል። እዚህ ስመጣ ቅጹን የሞላው ሰው ግን 1974ን እንዳለ በፈረንጅ አቆጣጠር አሰፈረውና በአንድ ብዕር ስምንት ዓመት አስረጀኝ። ስንት ዓመት ሳማርር ኖሬ፣ ለካ 15 ደቂቃ መርቆልኝ ኖሯል!

ማጣሪያዬን ሰኔ ላይ ዱሉዝ ሮጥኩ፤ ከቱ ሃርበርስ ተነስቶ በሱፒሪየር ሐይቅ ዳር የሚወርደውን። ይሄን ሐይቅ ብታዪው ዝዋይ ከጎኑ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ነው። መነሻው ላይ ከኋላ ተደብቄ ቆሜ ሳለሁ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ካናቴራዬን ያዩ ሰዎች «እለፍ፣ እለፍ» እያሉ ወደ ፊት ገፉኝ። አንድ ሽማግሌ ጠጋ ብሎ ቁርሴን ጠየቀኝ። ጭኮ አልኩት። ገብሱንም ቅቤውንም አስረዳሁት። ስልኩን አውጥቶ በጥሞና መዘገበ።

ተኩሱ ሲሰማ ለባንዲራው ስል በረርኩ። ለባንዲራ የሚበረረው እስከ አምስተኛው ኪሎ ሜትር ድረስ ነው። ከዚያ በኋላ ሕፃን በጋሪ የሚገፋ ጎረምሳ አለፈኝ፤ ሕፃኑ ተኝቷል። 3:20 የሚል ሰሌዳ በእንጨት የያዘ መሪ ከኋላዬ ሲመጣ ሳይ፣ አበዳሪዬን መንገድ ላይ ያየሁ ያህል ፍጥነት ጨመርኩ። መንገድ ዳር የቆሙት ውሃም ሙዝም ይሰጣሉ፤ ቢራ የዘረጋልኝም አለ። ይቅርታ አድርጊልኝና፣ የጾም ቀን መሆኑን አላሰብኩም።

3 ሰዓት ከ17 ደቂቃ! ሦስት ደቂቃ አተረፍኩ ብዬ ለሥራ ቦታው ሁሉ ኬክ ገዛሁ። ሰሞኑን ውጤቱ መጣ። አመልካች ስለበዛ ከተወሰነው ሰዓት 4 ደቂቃ ከ34 ሰከንድ የቀደሙትን ብቻ ነው የተቀበልነው ይላሉ። ኬኩ ተበልቷል።

አበበ ቢቂላ እንኳን በሮምና በቶኪዮ ወርቆቹ መካከል፣ በ1963 እ.ኤ.አ. ቦስተን ሄዶ አምስተኛ፣ ማሞ ወልዴ አሥራ ሁለተኛ ነው የወጡት። ከእኛ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ያሸነፈው አበበ መኮንን ሲሆን፣ እሱም በ1989 ነው። ፋጡማ ሮባ ግን ከ1997 ጀምሮ ሦስት ዓመት አከታትላ ወሰደችው። እሷም የአርሲ ልጅ ናት፤ ይህን ለሥራ ባልደረቦቼ አልነገርኳቸውም።

እንደው ሳስበው፣ በ1970 ብትወልጂኝ ኖሮ ወረቀቴ 56 ይለኝ ነበር፤ ለዚያ ዕድሜ ደግሞ 3:30 ነው የሚጠየቀው፣ እየዘፈንኩ እገባ ነበር። ያኔ ከአባባ ጋር ገና እንዳልተዋወቃችሁ አውቃለሁ፤ አልፈርድብሽም።

ለዕድርተኞቹ ሁሉ ሰላምታ አቅርቢልኝ። ቦስተን የሚለው ወሬ ከደረሳቸው ዝም በያቸው። የሚመጣ ሰው ካገኘሽም ጭኮ ላኪልኝ፤ ቅቤው በዛ ይበል። ሽማግሌው በየሳምንቱ እየደወለ ነው፣ ሁለት ኪሎ በጥሬ ገንዘብ እገዛለሁ ብሏል።

ልጅሽ