ሳይደርስ የተነበበ ዝናብ

ዝናብን በኮምፒውተር አሰላለሁ ያለ ሰው መጀመሪያ የሚጣላው ከሰማዩ ጋር ሳይሆን ከኮምፒውተሩ ጋር ነው። እኔ የተጣላሁት ንፋስ መውጫ፣ አጎቴ ቤት ነው። ወዳጄ የሠራት ፕሮግራም አገሩን ቆራርሳ ለላፕቶፔ አራት ኮሮች ታድላለች፤ ለአንዱ ላይ ጋይንትን፣ ለሌላው ታች ጋይንትን፣ ለሦስተኛው ስማዳን፣ ለአራተኛው እስቴን። ሁሉም የየራሱን ያሰላል፤ የድንበሩን ቁጥር ደግሞ ለጎረቤቱ ይልካል። ደመና የወረዳ ወሰን መች ያውቅና!

የሚላላኩት ኤምፒአይ በሚባለው የመልእክት መለዋወጫ ነው። የመጀመሪያው መመዘኛ በ1986 ዓ.ም. ወጣ፤ ደብልዩአርኤፍን የመሳሰሉ የአየር ትንበያ ፕሮግራሞች ዛሬም ይጠቀሙበታል። “አይሴንድ” ወይም “አይረሲቭ” ሲባል ትእዛዙን ተቀብሎ ወዲያው ይለቃል፤ ማድረሱ ገና ነው። ማለቁን ለማወቅ “ዌይት” ብሎ መቆም፣ ወይም “ቴስት” ብሎ ጠይቆ ማለፍ ነው። ቴስት አይጠብቅም፤ ፍላግ በምትባል ተለዋዋጭ “አልቋል” ወይም “ገና ነው” ብሎ ይመልሳል።

ከኮምፒውተሩ በተጣላሁበት ማታ፣ ስክሪኑ ላይ እስቴ በጥር በጎርፍ ተጥለቀለቀች። አጎቴ በትከሻዬ በኩል አየና፣ “አንተ ልጅ፣ የእስቴዋ መካነ ኢየሱስ በጥር እንዲህ ከዘነበማ የኛ ጉና ተራራ ምን በደለ?” አለኝ።

ጉዱ ሲመረመር ፕሮግራሟ ቴስትን ትጠራለች እንጂ ፍላጓን አታይም። የስማዳ ቁጥር ሳይደርስ እስቴ ባፈሩን፣ ማለትም መልእክቱ የሚያርፍበትን የሜሞሪ ቦታ ከፍታ፣ በሜሞሪው የተረፈውን ርዝራዥ ዝናብ ነው ብላ አነበበችው።

ለወዳጄ ደወልኩለት። “አዎ እስኪል ድረስ ደጋግመህ ጠይቀው” አለኝ። ተደረገ። ጎርፉ ቆመ፤ ላፕቶፑ ግን ጋለ። ሌላ ሥራ ሳይሠሩ በቴስት መነዝነዝ ከዌይት ምን ይሻላል? ቴስት የሚጠቅመው “ገና” ሲል ከድንበር የራቀውን መሬት እያሰሉ ለቆየ ነው። አንዴ “አልቋል” ካለ ደግሞ የመላኩ ወይም የመቀበሉ ጥያቄ ይሰረዛል፤ የተሰረዘውን መልሶ ለሚጠይቅ ሁልጊዜ “አልቋል” ነው መልሱ። ይህችም ስንቱን አታልላለች!

“አልቋል” ሲባልም ደረሰ ማለት ላይሆን ይችላል። አጎቴ ወገዳ ላለችው አክስቴ በአውቶቡስ ረዳት ማር ይልካል። ጣሳውን ካስረከበ ለሱ አልቋል፤ አክስቴ መቅመሷ ሌላ ነገር ነው። የአይሴንድም ማለቅ ይኸው ነው፤ ባፈሩን መልሰህ መጠቀም ትችላለህ ማለት እንጂ ተቀባዩ አገኘ ማለት አይደለም። ተቀባዩ መቀበል መጀመሩን ማረጋገጥ የፈለገ “አይኤስሴንድ” የሚባለውን ይጠቀም።

እናንተም ከሰው የወረሳችሁት ፕሮግራም ካለ፣ ከማስኬዳችሁ በፊት ቴስት የተጠራበትን መስመር ሁሉ ፈልጉና ከሥሩ ፍላጉን የሚያይ “ኢፍ” መኖሩን እዩልኝ።